ጤነኛ የተባለው ቆዳ

ምላጭ የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ግማሹ ለእጇ፣ ግማሹ ለምላሷ ነበር። እጇ ከበሽተኛ ገላ ተቆርጣ የመጣች፣ ምስር የምታክል ቆዳ በሰም አርግቶ ከፀጉር አቅጥኖ ይቆርጣል። ምላሷ ደግሞ ሰውን እንደዚያው። በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መስኮቱ ከአላፊ አግዳሚ ጫማ በቀር ምንም በማያሳይ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተናል። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ ቀለም እነክራለሁ፣ ፎቅ ላይ ያሉት ዶክተሮች በማጉያ መነጽር አይተው የበሽታውን ስም ይናገራሉ።

በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ የምትናገረኝ ግን በሃምሳ ዓመት እንደምትበልጠኝ ነው። «አንተ ቤት ብትቀባ ይሻልህ ነበር» ትለኛለች። «ግድግዳ ብታበላሽ የሚሞት የለም።»

ከቢላዋዋ ሥር የሚወጣው ስስ ቁራጭ ተጨማዶ ስለሚመጣ፣ ለብ ያለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ውሃው ሲያፍታታው በስላይድ መስታወት ይጠለፋል። የውሃው ገንዳ መለኪያ አለው፤ ሙቀቱን በቁጥር ይናገራል። ምላጭ ግን ቁጥሩን አታምንም፤ በቀን አሥር ጊዜ ጣቷን ትነክራለች። «መለኪያው ምን በደለሽ?» ስላት «ዝም ብለህ ቀለምህን ንከር» ነው መልሷ። የሙያ ጥንቃቄ መስሎኝ ለአዲስ ሠራተኞች ሁሉ በምሳሌነት አነሳት ነበር። የዋህነቴ አሁንም ያናድደኛል።

ክፍላችን የሚያየው የቆዳ በሽታ ነው፤ በተለይም ከእናትና ከአባት የሚወረሰውን። ኃላፊያችን፣ ትልቁ ዶክተር የምንላቸው፣ ተማሪ ባስከተሉ ቁጥር ወደኛ ይወርዱና ከዕቃችን መሃል ቆመው ያስተምራሉ። «ጤነኛ ሰው ስለ ቆዳው ምን ያውቃል? ለብሶት ይዞራል እንጂ!» ይላሉ። ገላቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚሆን ልጆች ባይወለዱ ኖሮ፣ ቆዳ የሰውነታችንን ውሃ አፍኖ የሚይዝ ክዳን መሆኑን በቅጡ አናውቅም ነበር። ፀሐይ በነካቸው ቁጥር ቁስል የሚያወጡ ልጆች ናቸው፣ ፀሐይ የሁላችንንም ሴል በየቀኑ እንደምትጎዳ፣ ሰውነታችንም በየቀኑ ቁጭ ብሎ እንደሚጠግን ያሳወቁን። እነሱ ጠጋኙ ጎድሏቸው ነው።

ከሁሉ የሚከብዱት ግን ገና ሲነኳቸው የሚላጡት ሕፃናት ነበሩ። ስለነሱ ሲያስተምሩ ትልቁ ዶክተር ኮታቸውን ያወልቁና ገበሩን ይገለብጡታል። «ቆዳ ይኸው ነው፤ ላዩ ኮት፣ ውስጡ ገበር። ሁለቱ በቀጫጭን ክር ተሰፍተዋል። ክሩን ማንም አያየውም። እነዚህ ልጆች ያለ ክር ተወልደው ነው ክር የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅነው።» ተማሪው ሁሉ አቀርቅሮ ይጽፋል። እኔ በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። እነሱ እየተላጡ እኛ ተማርን ማለት እኮ ነው! ግን ማን ይጠይቀኛል፤ ቀለም ነካሪ ነኝ።

ክሩ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በሚያበራ ቀለም ነው። ክር ባለበት ቦታ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ይበራል፤ ከሌለ ጨለማ ነው። ነገር ግን ቀለሙ ራሱ ተበላሽቶ ቢሆንስ? ለዚህ ሲባል ከበሽተኛው ቆዳ ጎን ሁልጊዜ የጤነኛ ሰው ቆዳ ይቀመጣል። የጤነኛው በርቶ የበሽተኛው ከጨለመ፣ ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም።

የጤነኛው ቆዳ ከኔ እንዲወሰድ ተወስኖ ነበር። ወጣት ነህ፣ በሽታ የለብህም፣ ተቀመጥ አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። መርፌው ከመጣ በኋላ የሆነውን አላስታውስም፤ ስነቃ ወለሉ ላይ ተዘርግቼ ምላጭ ከላዬ ቆማለች። «ተነስ ከዚህ፣ አንተ ጀግና!» አለችኝና እጅጌዋን ሰብስባ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ከክንዷ ውስጥ የተወሰደችው ቁራጭ በረዶ ማስቀመጫው ውስጥ ገባች። ሳጥኑ ላይ «ጤነኛ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስታልቅ ሌላ ተወሰደ፤ ከዚያም ሌላ። ክንዷ ላይ ሦስት ጠባሳ ነበራት፤ በየጊዜው ታሳየንና «በዚህ ቤት ከኔ ገላ ጋር ያልተለካ በሽተኛ የለም!» እያለች ትኮራበት ነበር።

ያን ወንበር ባልለቅላት ኖሮ እያልኩ ስንቴ እንደማስብ እኔ ነኝ የማውቀው።

የሚላጥ ሕፃን ቆዳ የሚመጣ ዕለት ምላጭ አፏ ይዘጋል። ሥራውን ለማንም አትሰጥም። ቀለሙን ነክሬ ሳበቃ ከማጉያው ፊት ትቀመጥና መጀመሪያ የልጁን፣ ከዚያ የራሷን ታያለች። የራሷ ላይ ትቆያለች። አንድ ቀን «የገዛ ቆዳሽን አይተሽ አትጠግቢም እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ። ዓይኗን ሳታነሳ «ጤነኛ ነው» አለችኝ። ጨጓራዋ ተነስቶባት ይሆናል ብዬ ተውኳት።

አምና የዘር ትእዛዝ የሚያነብ መሣሪያ መጣልን። ሰውነታችን ክሩንም ሌላውንም የሚሠራበት ትእዛዝ ደማችን ውስጥ አለ፤ መሣሪያው ያን ያነባል። ከመሣሪያው ጋር አንዲት ወጣት ዶክተር መጣች፤ ሳቂታ፣ ደረጃውን እየዘለለች የምትወርድ። ለሙከራ የጤነኛ ሰው ደም ፈለገች። «ከማን ልውሰድ?» ስትል ሁላችንም በአንድ አፍ «ከምላጭ ነዋ!» አልን። ሌላ ሰው አልታሰበንም። ለምዶብናል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከምሳ መልስ፣ ወጣቷ ዶክተር ወረቀት ይዛ ወረደች። ምላጭ ገንዳው ላይ ነበረች።

«ጉድ ነው እኮ!» አለች ዶክተሯ እየሳቀች። «መለኪያችን ራሱ ጎዶሎ ሆኖ ተገኘ።»

«ምን ማለት ነው?» አልኩ እኔ።

«የክሩ ትእዛዝ ሁለት ሆኖ ነው የሚሰጠን፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። የእትዬ አንደኛው የተበላሸ ነው። አይዞዎት እትዬ፣ እርስዎን ምንም አያደርግዎትም። አንዱ ደህና ከሆነ ለሰው ይበቃል፤ ይኸው ቆዳዎ ስንት ዓመት ሲበራ ኖሯል። ችግር የሚመጣው እንደ እርስዎ ካለ ሰው ጋር ልጅ ሲወለድ ነው። ልጁ ሁለቱንም የተበላሸ ሊወስድ ይችላል።» ወረቀቱን አጣጠፈች። «ልጆች አሉዎት?»

ምላጭ ጣቷን ውሃው ውስጥ እንደነከረች ነበር። አላወጣችውም።

«አንድ ነበረኝ» አለች። «አሥራ አንድ ቀን።»

የዶክተሯ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት እየበላሁ፣ ልጅ እንደነበራት አላውቅም ነበር።

የነገረችኝ ዶክተሯ ከወጣች በኋላ ነው፤ ቆማ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ወንድ ልጅ ወለደች። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ በሠፈሩ ሕፃን በማጠብ የታወቁ ሴት ነበሩ። የወለደች ሁሉ የመጀመሪያውን ገላ መታጠብ ለእሳቸው እጅ ነው የምትሰጠው። ልጁ ሲወለድ አንደኛው እግሩ ካልሲ እንደተገፈፈ ያህል ተልጦ ነበር። ልጁን የተቀበሉት አማቷ ናቸው አይተው ያሳዩዋት። ይድናል ተብሎ ታለፈ። በሦስተኛው ቀን አማቷ ልጁን አጥበው ሲያወጡት የጀርባው ቆዳ መዳፋቸው ላይ ቀረ። ክሊኒክ ይዘውት ሮጡ። ነርሷ አይታ «ቃጠሎ ይመስላል» አለች። በቃ፣ አንዲት ቃል ናት። አማቷ «ለብ ያለ ነበር፣ በክርኔ ለክቼዋለሁ» እያሉ ማሉ፣ ተገዘቱ። ልጁ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ።

«ከዚያ ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«ለቅሶ የመጣ ሰው ቤቱን ሞልቶታል። እሳቸውም ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ብድግ ብዬ 'ልጄን ቀቅለው ገደሉት' አልኩ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ልጁን ለአማቷ አልሰጠም። መንገድ ላይ ሲያልፉ እናቶች የታቀፉትን ይሸፍኑባቸው ጀመር። ባልየው በእናቱና በሚስቱ መሃል ቆሞ ጥቂት ከቆየ በኋላ ከሁለቱም ሸሽቶ ሌላ ሠፈር ሌላ ትዳር ያዘ። ምላጭ ደግሞ በአራተኛው ዓመት እዚህ ተቀጠረች።

እኔ መናደድ ይቀናኛል፤ ተናደድኩ። «ይሄን ሁሉ ዓመት በእጅሽ ስትቆርጪው! ያለ ክር የተወለደ ልጅ ምን እንደሚመስል ካንቺ በላይ የሚያውቅ አለ? አልጠረጠርሽም?»

ዞራ አየችኝ። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

«በመጣ ቁጥር ጠርጥሬያለሁ» አለች። «በመጣ ቁጥር የኔን አስቀምጬ አየዋለሁ። የኔ ይበራል። ሳጥኑ ላይ ጤነኛ ይላል። ጤነኛ ከሆንኩ ከኔ አልመጣም፤ ከኔ ካልመጣ ውሃው ነው እላለሁ። ከዚያ ወደ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። ለመተኛት እኮ ነው።»

ግማሽ ክር እንደ ሙሉ ክር እንደሚበራ ግን ሁለታችንም ሰምተን ነበር። ትልቁ ዶክተር ለተማሪ ሲናገሩት ስንቴ አልፎናል። የሰማነውን ከራስ ጋር ማገናኘት ነው የከበደው።

ዶክተሯ ግን የአባትየውም ደም ካልታየ ነገሩ አይቆረጥም አለች። ምላጭ ከስንት ዓመት በኋላ ለባሏ ደወለች። መጣ። ደም ሰጠ። ወንበር ስንሰጠው አልቀመጥም አለ። ውጤቱ ሲወጣ በስልክ ነገረችው፤ እሱም እንደሷ ግማሽ ነበር። ከዚያ «እናቴን እንደዚያ ያልሻት አንቺ ነሽ» አላት። «ሳትሞት አንቺው ሂደሽ ንገሪያት።» ስልኩን ዘጋው።

ሳምንቱን ሙሉ ምላጭ አልሄደችም። ቢላዋው ሁለቴ ጣቷን ቆረጣት፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዴም ቆርጧት አያውቅም። ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን እያየች ትቆይና ሳትጠልፈው ይበተንባታል። «ሲያለቅስ እሰማዋለሁ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ ሁሉ። «ድሮ እሳቸው ቤት ነበር የሚያለቅሰው። አሁን ወደኔ መጥቷል።» ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካፖርቷን አነሳሁና «ተነሺ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅኳት። «የልጅሽ አባት የተበላሸውን ግማሽ ከየት እንዳመጣ አታንሺባቸው። ከእሳቸው ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ሸክም ትጨምሪባቸዋለሽ።»

አማቷ ከሴት ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ደረጃው የተሸራረፈ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። በሩን የከፈተችው ልጃቸው፣ የባሏ እህት፣ ምላጭን ስታያት በሩን ግማሽ ዘጋችው።

«አሁን ደግሞ ምን ልትይ መጣሽ?»

«ውሃው እንዳልነበረ ልነግራቸው» አለች ምላጭ።

ሴትየዋ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ መንገድ ለቀቀች።

ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ምንም የለም። አማቷ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አርጅተዋል እንጂ አእምሯቸው ንቁ ነው፤ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ባሏ ነህ?» አሉኝ። «ኧረ አይደለሁም፣ ምላሷን ማን ይችላል» አልኩ፤ ደንግጬ ያመለጠኝ ቀልድ ነው። ፈገግ አሉልኝ።

ምላጭ ወንበሩን ትታ አልጋው ሥር በርከክ አለች።

«እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ። ድምፅሽ አልተለወጠም።»

«ውሃው አልነበረም፣ እማማ። ልጁ ከኔና ከአባቱ የወረሰው በሽታ ነው። ደማችን ታይቶ ተረጋግጧል። ማንም ቢያጥበው፣ በምንም ውሃ ቢታጠብ ያው ነበር። ለብ ያለ ነው ብለውኝ ነበር፤ እውነትዎን ነበር። የዋሸሁብዎ እኔ ነኝ።»

አማቷ የብርድ ልብሱን ጫፍ በጣታቸው አሹት። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። አላለቀሱም።

«ፈልቶ ነበር፣ ልጄ» አሉ።

«አይደለም...»

«ፈልቶ ነበር። እንፋሎቱን ዛሬም አየዋለሁ። ግድግዳው ላይ የነበረውን መስታወት ሸፍኖት ነበር። ያኔ ፈርቼ ነው ለብ ያለ ነው ያልኩሽ።»

ምላጭ ወደኔ ዞረች። ፊቷ ነጥቷል። «በዚያ ክፍል መስታወት አልነበረንም» አለችኝ በሹክሹክታ።

በሩ ላይ የቆመችው የባሏ እህት እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ዓመታት ለብ ያለ ነበር እያለች ስትምል ኖራለች» አለች። «ሰሚ ስታጣ አንድ ቀን መማሉን ተወችው። ከዚያ ወዲህ የምትለው ይሄንኑ ነው። እኔ አይደለም ብያት ደክሞኛል።»

ምላጭ የደሙን ውጤት ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችላቸው። አማቷ ወረቀቱን አላዩትም። «እግሩስ?» አለች ምላጭ። «ሳይታጠብ በፊት፣ ሲወለድ እግሩ ተልጦ ነበር። እርስዎ ነዎት ያሳዩኝ! ያ ከየት መጣ?»

«ሲወጣ አጥብቄ ይዤው ይሆናል» አሉ። «እጄ ከባድ ነው። ያንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ክሩን፣ ኮቱን፣ ገበሩን፣ ትልቁ ዶክተር የሚሉትን ሁሉ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ያን ሁሉ ልጅ ቆራርጠን የተማርነው እውነት፣ አንዲት አሮጊት ነፃ ለማውጣት ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው? የባሏ እህት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ዘጋሁት።

አማቷ እጃቸውን ዘርግተው የምላጭን ራስ ነኩ። «አንጀትሽ ራርቶልኝ ልታቃልዪልኝ እንደመጣሽ ገብቶኛል። እግዜር ይስጥሽ። እኔ የምለምንሽ ሌላ ነው። ይቅር በዪኝ።»

«እንዴት እንደዚያ ይሉኛል! ይቅር የሚሉኝ እርስዎ ነዎት!»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? ልጅሽ የሞተብሽ አንቺ። ይቅር በዪኝና ልረፍ።»

«እማማ፣ በሞቴ፣ አላጠፉም! ምንም አላጠፉም!»

«እንግዲያው አትዪኝም» አሉ አማቷ፤ ትንፋሻቸው አጠረ፤ ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ዞረ። «ይገባኛል። እኔም ብሆን አልልም ነበር።»

ምላጭ ወረቀቱን እንደያዘች ቀረች። ምላሷን የማውቃት ሴት አንዲት ቃል ልታወጣ ስትታገል አየሁ። የባሏ እህት ከበሩ «በያት» አለች፤ «እባክሽ፣ በያት።» ውጭ የሆነ ቤት ውስጥ ውሃ ይወርዳል። ምላጭ ወረቀቱን አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ እማማ።»

«ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ነው።»

«ሃያ ሦስት ዓመት ጠበቅኩሽ» አሉና እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ከንፈራቸው ወሰዱት። ምላጭ ልትነጥቃቸው እንደፈለገች ከትከሻዋ ታወቀኝ። አልነጠቀችም። ስመው እስኪጨርሱ ድረስ እጇን ተወችላቸው።